የገና ጨዋታና የልጃገረዶች ድርሻ

በአገራችን በየዓመቱ በልደት በዓል ስለሚደረገው የገና ጨዋታ ጥቂት የማይባል ተጽፏል። ነገር ግን የተጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጨዋታው አመጣጥና ስለ ተጫዋቾቹ ብርታት ነው፤ ከሜዳው ዳር ስለ ቀሩት የሚነገረው እጅግ አነስተኛ ነው። እኛ በዚህ አጭር ጥናት ልንመረምረው ያሰብነው ይኸንኑ ነው፤ ይኸውም ልጃገረዶች ከገና ጨዋታ ተለይተው የቀሩት በምን ምክንያት ነው የሚለውን ጥያቄ ነው። ነገሩን ለማብራራት እንዲረዳንም በሩቅ አገር በካናዳ፥ ለሴቶች ቡድኖች ብቻ ተብሎ ተቋቁሞ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ያስቈጠረውን የበረዶ ላይ ሆኪ ውድድር እናነጻጽራለን። አንባቢ «በረዶንና ልደታን ምን አገናኛቸው?» ቢል አይፈረድበትም። ዳሩ ግን ሁለቱም ጨዋታዎች ጫፉ በቆለመመ ዱላ አንድን ነገር እየመቱ ወደ ባላጋራ ወሰን ማድረስ ስለ ሆኑ፥ ዝምድናቸው ከሚታሰበው ይልቅ የቀረበ ነው።

አስቀድመን የጨዋታውን ሥርዐት እንግለጥ። ገና የሚለው ስም ለበዓሉም፥ ለዱላውም፥ ለጨዋታውም ያገለግላል። ልጆች ከበዓሉ ብዙ ቀን ቀደም ብለው ዱር ገብተው በተፈጥሮው የጐበጠውን ጠንካራ እንጨት መርጠው ይቈርጣሉ፤ ካልተገኘም እርጥቡን በእሳት እያሞቁ ያጐብጡታል። የሚመታው ክብ ሩር ወይም ጥንግ ይባላል፤ ከእንጨት የተጠረበ ወይም ከቆዳ ተጠቅልሎ የተሰፋ ነው። ተጫዋቾቹ በሁለት ወገን ተከፍለው ሩሩን ከሜዳው መካከል ያስነሡና እያንዳንዱ ወገን ወደ ባላጋራው ወሰን ለማድረስ ይታገላል። በጥንቱ ልማድ የተጫዋቾቹ ቍጥር የተወሰነ አይደለም፤ የሜዳውም ስፋት እንደ ስፍራው ነው።

ወገኖቹ የሚከፈሉበት መንገድ ለጥናታችን ዋና ነገር ስለ ሆነ ልብ ሊባል ይገባል። አንዳንድ ጊዜ ላይ ቤትና ታች ቤት፥ አንዳንድ ጊዜ አጥቢያና አጥቢያ፥ አንዳንድ ጊዜም ያገቡና ያላገቡ ወንዶች ይጋጠማሉ። በዚያ ቀን ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይገፋፋሉ፤ ሎሌው ጌታውን በዱላ ቢነካው ወይም በግጥም ቢሰድበው ቂም አይያዝበትም። ያሸነፈው ወገን እየጨፈረ ወደ ባላባቱ ቤት ሄዶ ይበላል፥ ይጠጣል፤ የተሸነፈውም ስድቡን ችሎ እስከ ከርሞ ይቆያል። እንግዲህ ገና ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የመንደር ክብር የሚለካበት፥ የታፈነ ቃል የሚተነፍስበት ሸንጎም ጭምር ነበር ማለት ነው። በሸንጎ ደግሞ የሚቆመው ማን እንደ ነበረ የታወቀ ነው።

ስለ አመጣጡ የሚተረከው፥ እረኞች የጌታን ልደት ከመላእክት በሰሙ ጊዜ ከደስታቸው ብዛት የተነሣ በያዙት በትር መጫወታቸውን ነው። በሉቃስ ወንጌል በ2ኛው ምዕራፍ እረኞቹ በሌሊት መንጋቸውን ሲጠብቁ እንደ ነበሩ ተጽፏል፤ ስለ በትር ጨዋታ ግን የተጻፈ ቃል የለም። ስለዚህ ትረካው የሕዝብ ትውፊት ነው። ትውፊት መሆኑ ዋጋ አያሳጣውም፤ ጨዋታው ከሁሉ አስቀድሞ የእረኞች እንደ ነበረ ያስታውሳልና። በአገራችን ደግሞ ከብት የሚጠብቀው ወንድ ልጅ ብቻ አይደለም፤ ይህን ነጥብ ወደ ኋላ እንመለስበታለን። የበዓሉም ጊዜ፥ ይኸውም ታኅሣሥ 29 ቀን (በዘመነ ዮሐንስ 28 ቀን)፥ በብዙ ደጋ አገር አዝመራው ተሰብስቦ ሜዳው የሚገለጥበት ነው። የካናዳ ልጅ ኵሬው እስኪረጋ እንደሚጠብቅ ሁሉ የእኛም አገር ልጅ እህሉ እስኪነሣ ይጠብቃል።

ገናን ከሆኪ ጋራ ማነጻጸር እኛ የጀመርነው ነገር አይደለም። እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ እ.ኤ.አ. ከ1843 ጀምሮ ሦስት ዓመት ያህል በአገራችን፥ በተለይም በትግራይ ተቀምጦ እ.ኤ.አ. በ1853 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ጨዋታ «ቀርሳ» በሚል ስም አንሥቶ፥ በአገሩ ካለው ሆኪ ጋራ አንድ ዐይነት መሆኑን ጽፏል፤ መንደርና መንደር፥ ወረዳና ወረዳ ተጠራርቶ እንደሚጋጠምም ገልጧል።

ልጃገረዶች ለምን አይጫወቱም ተብሎ ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ጨዋታው አደገኛ ነው ይባላል። አደገኛነቱ እውነት ነው። ጥርስ ይረግፋል፥ ቅልጥም ይሰበራል። ነገር ግን መልሱ ሲመረመር አይጸናም። እንስራ ሙሉ ውሃ አዝላ ዳገት የምትወጣ ልጅ፥ ከእንጦጦ ጫካ የማገዶ ሸክም ተሸክማ ቍልቍለቱን እስከ ከተማ የምትወርድ ልጅ፥ ለሩር አቅም ያንሳታል ብሎ መናገር የሚያሳፍር ነው። በሌላም በኩል የስምንት ዓመት ወንድ ልጅ ዱላውን ይዞ ሲሮጥ «አጥንቱ ለጋ ነው» ብሎ የሚከለክለው የለም። አደጋው ለሁለቱም አንድ ሆኖ ሳለ የተከለከለችው አንዷ ብቻ ከሆነች፥ ምክንያቱን ከአጥንት ሌላ መፈለግ ይገባናል።

እስቲ ልጃገረዶቹ የሚጫወቷቸውን ጨዋታዎች እንቍጠር። ቅልልቦሽ፥ ሰኞ ማክሰኞ፥ እቃቃ፥ ገመድ ዝላይ እናገኛለን። እነዚህ ጨዋታዎች በሌላ ነገር ሁሉ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁሉም በደጅና በግቢ የሚከናወኑ፥ በጥቂት ጊዜ የሚያልቁ፥ በመካከል ቢቋረጡም የማይበላሹ ናቸው። ቅልልቦሽ የምትጫወት ልጅ እናቷ ስትጠራት ጠጠሮቿን አስቀምጣ ትገባለች፤ ረከቦቱን አቀራርባ፥ ሕፃኑን አባብላ ተመልሳ ከተወችበት ትቀጥላለች። የገና ጨዋታ ግን ቀኑን ይፈጃል፥ ከቤት ያርቃል፥ ጥሪም አይሰማበትም። እንግዲህ በእኛ ግምት ልጃገረዶችን ከሜዳው ያስቀራቸው የዱላው ክብደት ሳይሆን የሰዓቱ ርዝመትና የሜዳው ርቀት ነው። ሴት ልጅ ከጥሪ ርቃ እንድትውል ልማዱ አልፈቀደላትም።

ቀኑንም ብንመለከት ይኸው ይታያል። የገና ዕለት ጾመ ነቢያት የሚፈታበት ነው። ወንዶቹ ወደ ሜዳ ሲወጡ ወጡ የሚሠራው፥ ዳቦው የሚደፋው፥ ጠላው የሚቀዳው፥ እንግዳውም የሚስተናገደው በሴቶች እጅ ነው። የወንዶቹ ጨዋታ የቆመው በሴቶቹ ሥራ ላይ ነበር ብንል ከእውነት አንርቅም።

በዓመቱ ውስጥ ለልጃገረዶች የተለየ ቀን የለም ማለታችን ግን አይደለም። በእንቍጣጣሽ አበባየሆሽ እያሉ ይዞራሉ። በነሐሴ አጋማሽ በትግራይ አሸንዳ፥ በዋግ ሻደይ፥ በላስታ አሸንድዬ አለ። በእነዚህ ቀኖች ልጃገረዶች አጊጠው ከመንደር መንደር ሲዘፍኑ ይውላሉ፤ የት ዋልሽ ብሎ የሚቈጣ የለም። ይህም ለክርክራችን ታላቅ ማስረጃ ነው። ያችው ልጅ በሌላ ቀን ከደጅ ብትርቅ የምትገሠጽ ስትሆን በዚያን ዕለት ግን ነጻ ናት፤ ልዩነቱን ያመጣው ቀኑ የእርሷ መሆኑ ነው። ቀን ካለ ፈቃድ ይከተላል። የልጃገረዶቹ ቀኖች የዘፈንና የአበባ ሆኑ እንጂ የሩር ቀን ሳይቈረጥላቸው ቀረ።

በልደታ አጥቢያ ከሚኖሩ ጥቂት አረጋውያን ጋራ ተነጋግረን ነበር። ወንዶቹ የነገሩን በየመጽሐፉ ካለው ብዙም አይለይም። ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን በሰሜን ሸዋ ተወልደው ያደጉ አንዲት እናት የነገሩን ነው። እርሳቸው በእረኝነታቸው ዘመን ከወንድሞቻቸው ጋራ በከብቱ መሰማሪያ ሩር ይመቱ ነበር። «እዚያ ማን ያየናል?» አሉን። በገና ዕለት ግን ወንድማቸው ያንኑ ዱላ ይዞ ወደ ሜዳ ሲወጣ እርሳቸው ወደ ማጀት ገቡ። የአንድ ሰው ቃል ለአንድ አገር ታሪክ በቂ ማስረጃ እንደማይሆን እናውቃለን፤ የተቀበልነውም እንደ ፍንጭ ነው። ፍንጩ የሚያሳየን ግን ልጃገረዶቹ ጨዋታውን አለማወቃቸውን ሳይሆን፥ ጨዋታው አደባባይ በወጣ ጊዜ እነርሱ ወደ ቤት መመለሳቸውን ነው።

አሁን ወደ ካናዳ እንሻገር። በዚያ አገር የብርዱ ወራት ብርቱ ስለ ሆነ ኵሬው ሁሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ተጫዋቾቹ ስለታም ብረት የተገጠመበት ጫማ አድርገው እየተንሸራተቱ፥ በሩር ፈንታ ከላስቲክ የተሠራ ጠፍጣፋ ክብ በዱላ ይገፋሉ። በቤት ውስጥ በደንብ የተደረገው የመጀመሪያው የታወቀ ግጥሚያ በሞንትሪያል ከተማ እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1875 የተካሄደው ነው። ሴቶችም ወዲያውኑ ጀምረውታል፤ የካናዳ እንደራሴ የነበሩት የሎርድ ስታንሊ ልጅ ኢዛቤል ከሌሎች ሴቶች ጋራ በረጅም ቀሚስ ስትጫወት እ.ኤ.አ. በ1890 ገደማ የተነሣ ፎቶግራፍ አለ። (አባቷ ያበረከቱት ዋንጫ ግን እስከ ዛሬ ድረስ የሚሰጠው ለወንዶች ቡድን ነው።) በየቤቱ ጓሮ በረጋው ውሃ ላይ ወንድምና እኅት አብረው መጫወታቸው እዚያም የተለመደ ነበር። ነገሩ የጠበበው ቡድን ተመዝግቦ፥ አዳራሽ ተሠርቶ፥ ሰዓት ተከፋፍሎ ዋንጫ በቀረበ ጊዜ ነው። የጓሮው በረዶና የከብቱ መሰማሪያ እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

ለዚህ አቢ ሆፍማን የተባለችው ልጅ ምስክር ናት። በቶሮንቶ ከተማ ለእርሷ ዕድሜ የሚሆን የልጃገረዶች ቡድን ስላልነበረ በወንዶቹ ማኅበር «አብ» በሚል አጭር ስም ተመዝግባ ገባች። ጠጕሯ አጭር ነበር፥ ጨዋታዋም መልካም ነበር፤ ስለዚህ ማንም ሳይጠረጥር ቆየ። ከምርጦቹ ጋራ ተሰልፋ የልደት ወረቀት ሲመረመር ግን ሴት መሆኗ እ.ኤ.አ. በ1956 ታወቀ። ያን ጊዜ ዕድሜዋ 9 ዓመት ነበር። በኋላም ሯጭ ሆና ከ1964 እስከ 1976 በተደረጉት አራት የኦሊምፒክ ጨዋታዎች ለአገሯ ተሰልፋለች። አጥንቷ ለጋ ነበር የሚል ሰው ካለ ይህን ይመልከት።

የሆፍማን መንገድ የአንዲት ልጅ መንገድ ነበር። ለብዙዎቹ በሩን የከፈተው ሌላ ነገር ነው። ከቶሮንቶ አጠገብ ባለችው በብራምፕተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1967 ለሴቶች ቡድኖች ብቻ የሆነ ውድድር ተቋቋመ። በመጀመሪያው ዓመት 22 ቡድኖች ተሰበሰቡ፤ የተጫዋቾቹም ዕድሜ ከ9 እስከ 50 ዓመት ነበር። ይህ ቍጥር የሚያስገርም ነው። የ9 ዓመት ልጅና የ50 ዓመት ሴት በአንድ ውድድር መገኘታቸው፥ ቀድሞ ስፍራ ያጣው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ መምጣቱን ያሳያል። ከዚያ ወዲህ ውድድሩ በየዕድሜው ክፍል ተደራጅቶ፥ በፈረንጆች ፋሲካ ሰሞን የሚጠበቅ ሆኖ አድጓል።

የብራምፕተንን ነገር ከገና ጋራ ስናስተያይ ሁለቱም የበዓል ሰሞን ጨዋታዎች መሆናቸው በከንቱ አይመስለንም። በበዓል ሰሞን ትምህርት ይዘጋል፥ ወላጅ ያርፋል፥ መንገድ ይመቻል። ቀኑ አስቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነም ልጅቱ «በዚያን ቀን የለሁም» ብላ ለመናገር ትችላለች፤ ቤተ ሰቡም ዓመቱን ሙሉ ያውቀዋል። የበረዶውን አዳራሽ ሰዓት ስንመለከት ይህ የበለጠ ይገለጣል። በካናዳ የሴቶች ሆኪ ታሪክ ውስጥ ተደጋግሞ የሚነሣው ክርክር የሰዓት ክርክር ነው፤ መልካሙ ሰዓት ለወንዶቹ ይሰጥና ለልጃገረዶቹ ገና ሳይነጋ ወይም ከመሸ በኋላ ያለው ይተርፋል። ዓመታዊ ውድድር ግን አዳራሹን ለተወሰኑ ቀናት በሙሉ ሰዓቱ ይይዘዋል።

ስለ አደገኛነቱም ካናዳውያን ያደረጉትን ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው የዓለም የሴቶች ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ1990 በኦታዋ ሲደረግ በአካል መጋጨት የተፈቀደ ነበር፤ ካናዳም አሜሪካን 5 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። ከዚያ በኋላ ግን በሴቶች ጨዋታ እንዲህ ያለው ግጭት በደንብ ተከለከለ። ያደረጉት ደንቡን ማረም ነው፤ ተጫዋቾቹን ከሜዳ አላስወጡም። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1998 በናጋኖ ኦሊምፒክ ሲገባ አሜሪካ ካናዳን 3 ለ 1 ረታች። (አገራችንም ከበረዶው ኦሊምፒክ ፈጽማ አልራቀችም፤ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቶሪኖ በበረዶ ሸርተቴ ተወዳድሯል።)

ካናዳውያን እርስ በርሳቸው ሁልጊዜ ተስማምተዋል ብለን ግን አንጽፍም። ጀስቲን ብሌይኒ የተባለች ልጅ ለወንዶች ቡድን ተመርጣ ሳለ ሴት በመሆኗ ስትከለከል ክስ አቀረበች፤ የኦንታሪዮ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1986 ለእርሷ ፈረደ። የሚያስደንቀው ከተቃወሟት መካከል የክፍለ ሀገሩ የሴቶች ሆኪ ማኅበር አንዱ መሆኑ ነው። ማኅበሩ የፈራው ብርቱዎቹ ልጆች ወደ ወንዶቹ ከሄዱ የሴቶቹ ቡድን ይዳከማል ብሎ ነው። ፍርዱ ትክክል ነው እንላለን፤ ፍርሃቱም ግን ከንቱ አልነበረም። የአንዲቱን መብት ማስከበርና ለሺህዎቹ ስፍራ ማዘጋጀት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም።

በአገራችን ለልጃገረዶች የስፖርት ሰዓት የሰጠው ዘመናዊው ትምህርት ቤት ነው። የእቴጌ መነን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት በ1923 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ፥ በየትምህርት ቤቱ መረብ ኳስና ሩጫ የክፍለ ጊዜ ትምህርት ሆነው ገቡ። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ያገኘችውን ወርቅ መተረክ ለአንባቢ አያስፈልግም። ከእርሷ ድል ይልቅ ለነገራችን የሚቀርበው «ቅድሚያ ለሴቶች» የተባለው የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። በ1996 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ በአዲስ አበባ አውራ ጎዳና ላይ ሴቶች ብቻ የሚሮጡበት የታወቀ ቀን ሆኗል፤ ይኸውም ቀን ሲቈረጥ ፈቃድ ይከተላል ያልነውን ያጸናል። የባህል ጨዋታችን ግን ከዚህ ዕድል አልደረሰውም። ኳስ ከውጭ ሲመጣ ለሴት ልጅ ተፈቀደ፤ የራሳችን ሩር ግን ለወንድሟ ቀረ።

ይህን ስንል «ልማድ ይፈርሳል» የሚሉ እንዳሉ እናውቃለን። ዳሩ ግን ልማዱ ራሱ በብዙ ተለውጧል። ጨዋታው በባህል ስፖርቶች ውድድር ውስጥ ከገባ ወዲህ ደንብ ተጽፎለታል፥ ዳኛም አለው፤ እንደ ጥንቱ ሎሌ ጌታውን የሚሰድብበት አይደለም። ይህ ሁሉ ሲለወጥ ልማድ ፈረሰ ያለ ሰው አልሰማንም።

ይልቁንስ የሚያሳስበው ሜዳው ነው። ልደታ በአንድ ወቅት ሰፊ ሜዳ የነበረበት አገር ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው ከልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር፥ ቦሌ እስከ ተሠራበት እስከ 1950ዎቹ ዓ.ም. ድረስም ያገለገለው ይኸው ሜዳ ነው። ሽማግሌዎቹ እንደ ነገሩን በዚያ አካባቢ ባለው ግልጥ ስፍራ ልጆች ገና ይጫወቱ ነበር። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ አሮጌዎቹ ሰፈሮች ፈርሰው የጋራ መኖሪያ ሕንጻዎች ቆሙ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የከተማው ባቡር በልደታ በኩል ማለፍ ጀመረ። ዛሬ በአጥቢያው ወንዶቹም ልጆች ቢሆኑ ሩር የሚያስነሡበት ስፍራ አጥተዋል። ስለዚህ የልጃገረዶቹ ጥያቄ ከጨዋታው ሕልውና ተለይቶ የሚታይ አይደለም። ግማሹን ልጅ ከውጭ ያስቀረ ጨዋታ፥ ሜዳም ሲያጣ፥ ማን ይከራከርለታል?

ከገና እስከ ጥምቀት ያሉት ቀናት ዐሥራ ሁለት አይሞሉም። ከእነዚህ አንዱን፥ የገናውን ዕለት ሳይነኩ፥ ለልጃገረዶች ቡድኖች ለይቶ በትምህርት ቤት ግቢ መጫወት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ከእንጨቱ ጥንግ ይልቅ የቆዳውን ሩር መምረጥ፥ ዱላን ከጕልበት በላይ ማንሣትን መከልከል፥ በዕድሜ መከፋፈልም ይቻላል። የዱላው ልክ ለሴት ልጅ ምን ያህል ይሁን ብለን እኒያን እናት ጠይቀናቸው ነበር፤ እጃቸውን ከወገባቸው ላይ አድርገው «እስከዚህ» አሉን፤ የወንድሞቻቸውም ልኩ ያው እንደ ነበረ ጨመሩልን።